ለደጋን ጀርባ የትኛው ካርቦን?

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ቀስት መወርወርን ከመዝናኛዎቹ አንዱ አድርጎታል። ደጋኑን በገዛ እጁ መሥራት የሚያምረው አናጺ ግን ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በሞላው ባህር ዛፍ ላይ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ለማገዶና ለግንባታ ባለውለታ ቢሆንም ሲደርቅ ይጣመማል፤ ጫፉም ይሰነጠቃል። ለደጋን መሃል እኔ የደጋ ቀርከሃን እመርጣለሁ፤ በስሱ ተልጎ፣ ተደራርቦ በኢፖክሲ የተጣበቀ።

ጥያቄው ጀርባው ላይ ምን ይለጠፍ የሚለው ነው። ደጋን ሲሳብ ወደ ዒላማው የዞረው ጀርባው ይለጠጣል፣ ወደ ወርዋሪው የዞረው ሆዱ ይጨመቃል። በሁለቱ መካከል የማይለጠጥም የማይጨመቅም መስመር አለ። ጀርባው ከሆዱ ይበልጥ ግትር ሲሆን ይህ መስመር ወደ ጀርባው ይሸሻል፤ የመታጠፉ ሸክምም ሆዱ ላይ ይወድቃል። ክሩ ሁሉ ርዝመቱን ተከትሎ የተዘረጋ ካርቦን ከኢፖክሲ ጋር ሲጋገር ግትርነቱ 130 ጊጋፓስካል ገደማ ነው፤ ተመሳሳዩ ፋይበርግላስ 40 ገደማ። ቀርከሃ ከሁለቱም በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ ካርቦን ጀርባው ላይ፣ ባዶ ቀርከሃ ሆዱ ላይ ሲሆን የሚጎዳው ሆዱ ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ ሆዱ ላይ ክሩን አቋርጠው የሚሄዱ፣ ፀጉር የሚያህሉ ሽብሽቦች። እነሱ ከታዩ ደጋኑ አይሳብ።

ሆዱ ባዶ ቀርከሃ ከሆነ እንግዲህ ካርቦኑ ቢቀር ይሻላል። ክሩ ጥቅጥቅ ያለው የቀርከሃው ውጫዊ ክፍል ጀርባ ሆኖ በደንብ ያገለግላል። ካርቦን የግድ ነው የሚል ሰው ግን ሆዱንም በፋይበርግላስ ያልብሰው፤ ካርቦኑም ስስ ይሁን፣ ከላዩ ፋይበርግላስ ይደረብበት። ፋይበርግላስ ከመሰበሩ በፊት ከካርቦን የበለጠ ይለጠጣልና።

የካርቦኑ ዓይነትም ይለያያል። እንደ ሸማ የተሸመነው ክሩ ከላይ ከታች ስለሚታጠፍ በርዝመቱ ያለው ግትርነት ይቀንሳል። በ45 ዲግሪ የተነጠፈው የመሳብ ኃይል ብዙም አይጨምርም፤ ጫፋቸው ወደ ፊት የታጠፈ የደጋን ክንዶች እንዳይጠመዘዙ ግን ይይዛል። ለእንዲህ ያለው ደጋን እኔ ይህንኑ አስቀድማለሁ።

የካርቦን ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ ሲሞረድ ጭምብል ይደረግ፣ ብናኙም በውሃ ይያዝ። በእንጦጦ ብርድ ኢፖክሲ ቀስ ብሎ ይጠነክራልና በሞርሳ የተያዘው ደጋን ሙቀት ባለው ሳጥን ውስጥ ይደር፤ የኢፖክሲው አምራች የጻፈው ሰዓት ሳይሞላ ሞርሳው አይፈታ።