የካርማን ጊያ የፊት መስታወት ጎሚኒና ጌጥ ብረት አለዋወጥ

ካርማን ጊያ የተባለችው አውቶሞቢል መልኳ የእሽቅድድም ነው፤ ልቧ ግን የቮልስ ነው። መልኳን የነደፈው በቱሪን ከተማ የነበረው የጊያ ድርጅት፣ ቦዲዋን የሠራው የኦስናብሩኩ ካርማን፣ ሞተሯን የሰጠው ቮልስዋገን ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1955 እስከ 1974 ተሠርታለች። ይኽችን መኪና ለምሳሌ የመረጥኩት የመስታወቷ አገጣጠም በአዲስ አበባ መንገድ ዛሬም ከሚታዩት አሮጌ ቮልሶች ጋር በዘዴው አንድ ስለሆነ ነው። ደግሞም ላሜራዋ ከብዙ ቁራጭ ተበይዶ በእጅ እየተሞረደ የተስተካከለ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ዝገት ከገባበት ጥገናው ባለቤቱን ያስለቅሳል። ከዝገቱ መግቢያ በሮችም አንዱ የፊት መስታወቱ ዙሪያ ነው።

ጎሚኒው (ቃሉን ጋራዦቻችን ከጣሊያንኛ ተቀብለውታል፤ ካቻቪቴና ፒንሳም ከዚያው ቤት የመጡ ናቸው) ሁለት ቦይ አለው። በአንዱ መስታወቱን ይጎርሳል፤ በሌላው የላሜራውን ከንፈር ይነክሳል። በውጭ በኩል ደግሞ የሚያብረቀርቀው ጌጥ ብረት የሚቀመጥበት ስንጥቅ አለው። እንግዲህ መስታወቱን የያዘው ሙጫም ብሎንም አይደለም፤ የጎማው መለጠጥ ብቻ ነው። ጎማውን ፀሐይና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን እያደር ሲያደርቁትና ሲሰነጥቁት ንክሻው ይላላል። ውሃውም በስንጥቁ ገብቶ ወደ ምንጣፉ ሥር ይወርዳል። ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው መስታወቱን አይቶ ሳይሆን እግሩ ሥር ሲረጥብ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ሲሊኮን ገዝቶ በአሮጌው ጎሚኒ ዙሪያ ይለቀልቃል። ይህን ሥራ ጥገና ብሎ መጥራት አይገባም። ውሃው በሌላ ቀዳዳ መግባቱ አይቀርም፤ መውጫው ግን ተደፍኖበታል፤ ስለዚህ ብረቱን ተኝቶ ይበላዋል። ከዚህም በላይ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚያወጣ ቀለም የሌለውን ብረት ራሱ ያዘግጠዋል።

ለማውጣት መጀመሪያ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ይነሣሉ። ቀጥሎ ጎሚኒው በውጭ በኩል በስለታም ቢላዋ ዙሪያውን ይቆረጣል። አሮጌውን ጎሚኒ ለማትረፍ ብሎ መስታወቱን ከውስጥ በእግር የሚገፋ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ያጣል። የፊት መስታወቱ ድርብ ከሆነ፣ ማለት በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል ፕላስቲክ የተጣበቀበት ከሆነ፣ በአንድ ነጥብ ሲገፋ ወዲያው ይሰነጠቃል። (የድርብ መስታወትን ሐሳብ በ1909 በፓተንት ያስመዘገበው ፈረንሳዊው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ ሠዓሊም ኬሚስትም ነበር፤ የአርት ፋኩልቲ ልጆች ድርሻችንን ብንጠይቅ አያስቀይምም።) ጌጥ ብረቱ ስስ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተጠማዘዘ እንደ ቀድሞው አይቃናም፤ በካቻቪቴ ከመፈልቀቅ ይልቅ ጎማውን ቆርጦ በእጅ ማላቀቅ ይሻላል።

አሁን የላሜራው ከንፈር ራቁቱን ይታያል። ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ቸኩሎ ያለፈው ሰው የለወጠው ነገር የለም። በተለይ የታችኞቹ ማዕዘኖች በደንብ ይመርመሩ። የላይ ላዩ ዝገት ተፍቆ ፀረ ዝገት ይቀባል፤ የተበላው ግን ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበታል እንጂ በስቱኮ አይሞላም፤ ጎማው ነክሶ የሚይዘው ይህንኑ ከንፈር ነውና። ቀለሙም በሚገባ እስኪደርቅ መታገሥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጎማው ይጣበቅበታል።

አዲሱ ጎሚኒ ታጥፎ የመጣ ከሆነ ፀሐይ ላይ ይዘርጋና ይለስልስ። መስታወቱ በብርድ ልብስ ላይ ይተኛል፤ ጎሚኒው ዙሪያውን ይለብሳል፤ ማዕዘኑ በማዕዘኑ መቀመጡ ይታያል። ጌጥ ብረቱም የሚገባው በዚሁ ጊዜ፣ መስታወቱ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው። መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ለማስገባት መታገል ብረቱንም ጣትንም ይጎዳል።

ከዚያም ውፍረቱ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር የሆነ የናይሎን ገመድ ከንፈሩን በሚነክሰው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ይጠመጠማል፤ ሁለቱ ጫፎች ከታች መካከል ላይ ተላልፈው ወደ መኪናው ውስጥ ይንጠለጠላሉ። ቦዩ በሳሙና ውሃ ይርጠብ። ግራሶና የሞተር ዘይት ግን ክልክል ነው፤ ጎማን ያሳብጣሉ።

የቀረው የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከውጭ መስታወቱን በመዳፉ ይጫናል፤ ሌላው ከውስጥ ገመዱን ቀስ ብሎ ይስባል። ገመዱ በወጣ ቁጥር የጎማው ጠርዝ ከላሜራው ከንፈር በላይ እየተገለበጠ ይገባል። መጀመሪያ የታችኛው፣ ቀጥሎ ጎንና ጎኑ፣ በመጨረሻ የላይኛው። የውጩ ሰው መጫን ያለበት ገመዱ በደረሰበት ቦታ አንጻር ነው። ስለዚህ ሁለቱ መነጋገር አለባቸው፤ የተኮራረፉ ጓደኞች ይህን ሥራ ባይጀምሩት ይመረጣል። ገመዱ እምቢ ካለ በኀይል አይጎተትም፤ ሳሙና ይጨመራል።

ሲያልቅ ዙሪያው በመዳፍ መታ መታ ይደረግና በውሃ ይፈተናል። ውሃው ኀይለኛ መሆን የለበትም፤ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ላይ ቀስ እያለ ይፈስሳል፤ አንድ ሰውም ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል። ከላይ የጀመረ እንደሆነ ውሃው በሁሉም በኩል ስለሚወርድ በየት እንደገባ አይለይም። የሚያፈስ ቦታ ከተገኘ የጎማው ጠርዝ በእንጨት ማንኪያ እጀታ ቀና ተደርጎ፣ ለመስታወት ተብሎ የተሠራ የማይደርቅ ማሸጊያ በዚያ ቦታ ብቻ ይገባል። ምንጣፉ ወደ ቦታው የሚመለሰው ከጥቂት ዝናብ በኋላ ወለሉ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ነው።