የንጉሥ ጸሎትና የድኃ ፍርድ
(በጂንካና በደቡብ ኦሞ ለሚገኙ መምህራንና የአገር ሽማግሎች)

ፊደል የቆጠረ ሕፃን ዳዊት መድገሙ በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ከንባቡ ይልቅ ምሥጢሩን ማስተዋል ይበልጣልና፥ ስለ ንጉሥ የተጸለየውን 71ኛውን መዝሙር (በዕብራይስጥ ቍጥር 72ኛውን) መመርመር ይገባል።

ጸሎቱ አስቀድሞ ለንጉሡ የሚለምነው ኃይልን ወይም ሀብትን አይደለም፤ ፍርድን ነው። ንጉሡም እንደሚወርድ ዝናም ይሆን ዘንድ ይመኝለታል። ዝናሙ የሚወርደው በግዕዙ በፀምር ላይ፥ በዕብራይስጡ በታጨደ ሣር ላይ ነው። የሐመርና የበና ከብት አርቢ ይህን ያለ ብዙ ትርጓሜ ያስተውለዋል፤ ከብት የጋጠው ሣር ዝናም ካላገኘ ይደርቃልና። የተበደለ ሰውም ፍርድ ካላገኘ እንዲሁ ነው።

ቀጥሎ የንጉሡ ግዛት እንደሚሰፋ፥ የሳባም ነገሥታት እጅ መንሻ እንደሚያመጡ ይነገራል። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ይቆማል። መዝሙሩ ግን ወዲያው ምክንያቱን ይሰጣል፤ ይኸውም ንጉሡ የሚጮኸውን ችግረኛ ስለሚያድን፥ የድኆችም ደም በፊቱ የከበረ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ግብር የፍርድ ተከታይ እንጂ የፍርድ ምትክ አይደለም።

ይህ ሥርዓት ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን የአገሩ ታሪክ ያስረዳል። በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የአፄ ምኒልክ ጦር ወደ ኣሪ ከደረሰ በኋላ ባላገሩ ለወታደሩ ገባር ሆነ፤ ብዙ ሰውም ለባርነት ተሸጠ። ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ እንዲወጡ በ1916 ዓ.ም. ታወጀ፤ ባርነት ፈጽሞ የተሻረበት አዋጅ ግን በ1934 ዓ.ም. ወጣ። የመሬቱ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. ቆየ። እጅ መንሻው ቀደመ፥ ፍርዱ ዘገየ።

በዚያው በ1967 ዓ.ም. ዙፋኑም አለፈ፤ የፍርድ ዕዳ ግን አላለፈም፥ ለሚፈርድ ሰው ሁሉ ደረሰ። ስለ ግጦሽና ስለ ውሃ ሲፈርድ የባለ ብዙ ከብቱን ቃል ሰምቶ የመበለቲቱን የሚያቋርጥ ሽማግሌ፥ አማርኛ ስላላወቀም ሕፃኑን ሰነፍ የሚል መምህር፥ መዝሙሩን ቢደግመውም አልተማረውም።

ተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ሃይማኖት የላቸውምና፥ መምህሩ ይህን እንደ ስብከት ሳይሆን እንደ ግብረ ገብ ትምህርት ያቅርበው።

ጥያቄ።
1ኛ/ መዝሙሩ ከእጅ መንሻው በኋላ ምክንያቱን የሚናገረው ስለ ምንድን ነው?
2ኛ/ በመንደሩ ሸንጎ ቃሉ የማይሰማለት ማን ነው? እንዲሰማለትስ ምን ይደረግ?