ቆርቆሮ ሲገዙ ስለሚከፍሉት ታክስ

መኸር ከገባ በኋላ ብዙ ገበሬ የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ይለውጣል፤ የሚያፈሰውንም የእህል ቤት ያድሳል። የእርሻ ባለሙያ ስለ ታክስ መጻፉ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በዓመት ድካም የተገኘ የጤፍ ገንዘብ በአንድ የገበያ ቀን በሂሳብ ስሕተት ሲጎድል ዝም ብሎ ማየት አይገባም።

እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ይሠራበት የነበረው የሽያጭ ታክስ ነው። ይህም በዕቃ ላይ ከፋብሪካና ከአስመጪ የሚሰበሰብ ስለ ነበረ፣ ገዥው በዋጋው ውስጥ ተሰውሮ ሳያየው ይከፍለው ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሕዝቡ ቫት በሚለው በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተካ። መጠኑም ከመቶ 15 ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1341 የቀድሞውን አዋጅ ቢሽርም ይህን መጠን አልለወጠውም።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ቫት መሰብሰብ የሚችለው የተመዘገበ ነጋዴ ብቻ ነው። በ1995 ዓ.ም. እንዲመዘገብ የታዘዘው የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በላይ የሆነ ነጋዴ ነበር፤ ወሰኑ ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። ስለዚህ በመንደርዎ ያለው ትንሽ ሱቅ ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላል።

ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ባለሱቆች ከጅምላ ነጋዴ የ1,000 ብር ምስማር ገዝተው ከነታክሱ 1,150 ብር ከፈሉ እንበል። ሁለቱም 100 ብር ማትረፍ ይፈልጋሉ። የተመዘገበው የከፈለውን 150 ብር ከሚያስገባው ታክስ ላይ ስለሚያቀናንስ፣ በ1,100 ብር ላይ 165 ብር ታክስ ጨምሮ በ1,265 ብር ይሸጥልዎታል። ያልተመዘገበው 150 ብሩ አይመለስለትም፤ በ1,250 ብር ይሸጣል። ልዩነቱ 15 ብር ብቻ ነው! እንግዲህ «እኔ ዘንድ ቫት የለም፣ ከመቶ 15 ይቀርልሃል» የሚል ነጋዴ ቢያጋጥምዎ አይመኑት። ሳይመዘገብ «የቫት» ብሎ ገንዘብ የሚጨምረው ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው ከገዛ ኪሱ ነውና። በደረሰኙ ላይ የምዝገባ ቁጥሩ መኖሩን ይመልከቱ።

ከእርሻዎ ጎን ትንሽ ሱቅ ካለዎትና ካልተመዘገቡ፣ የዕቃዎ መነሻ ዋጋ 1,150 ብር እንጂ 1,000 ብር አይደለም። ምስማሩን በ1,100 ብር ሸጠው 100 ብር ያተረፉ የመሰለዎት እንደ ሆነ በውነቱ 50 ብር ከስረዋል። ብዙ ትናንሽ ሱቆችን የሚያደክማቸው ይህ ይመስለኛል።

በጠቅላላ ዋጋ ውስጥ ያለውን ታክስ ለማወቅ ዋጋውን ለ115 አካፍለው በ15 ያባዙ። ከነታክሱ 11,500 ብር ለከፈሉበት ቆርቆሮ ታክሱ 1,500 ብር ነው። የጠቅላላውን ከመቶ 15 የወሰደ ሰው ግን 1,725 ብር ያገኛል፤ ይህም ስሕተት ነው።

የእጅ ሥራን በሚመለከት፣ ያልተመዘገበ የአካባቢ አናጢ በድካሙ ዋጋ ላይ ቫት አይጨምርም። የተመዘገበ ሥራ ተቋራጭ ግን ለ20,000 ብር ሥራ 3,000 ብር ይጨምራል። ለአንድ ጎጆ ክዳን ቆርቆሮውንና ምስማሩን ራስዎ ገዝተው ለአናጢው የእጁን ዋጋ ብቻ መክፈል ሕግ አያፈርስም፣ ወጪም ይቀንሳል። ዋጋ ሲዋዋሉ ግን «ታክሱን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ደረሰኙንም ክረምቱ እስኪወጣ ያቆዩት፤ ቆርቆሮው ቀዳዳ ሆኖ ቢገኝ ያለ እርሱ የሚመልስልዎ የለም።