ሥልጠና የወሰደ ንብ አናቢ ከአዛውንት ምን ይማራል?

ጥያቄ፦ በካፋ ዞን በቢታ ገነት ንብ ማነብ የጀመረ ወጣት ሥልጠና ከወሰደ በኋላ ነባር አናቢዎችን መከተል ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ያስፈልገዋል። በካፋ የንብ ሥራ ከደኑ አይለይም። ባህላዊው ቀፎ እንደ ቱቦ ክብና ረጅም ሆኖ ከትልልቅ ዛፎች ላይ ይሰቀላል፤ ማሩም መልኩንና ጣዕሙን የሚያገኘው ከአበባው ነው። የጌተም ማር ነጭ ነው፤ የብሳናና የግራዋ ደግሞ የየራሳቸው ጣዕም አላቸው። አበባው ግን በየዓመቱ በአንድ ቀን አይፈነዳም። ዝናብ ሲዘገይ ይዘገያል፣ ቆላና ደጋም ይለያያል። የሥልጠና ጽሑፍ ወሩን ይነግራል፤ የዘንድሮውን ሳምንት የሚገምተው ግን በአካባቢው ሸለቆ ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰ ሰው ነው።

ትልቁ ትምህርት በማር ቆረጣ ላይ ነው። ንቦቹ በሰም ያላሸጉት ማር ውሃ ይበዛበታል፤ የውሃው መጠን ከ20 በመቶ ካለፈ በቀላሉ ይቦካል። ለንቦቹ ስንት የማር እንጀራ እንደሚቀር፣ በረጅም ዛፍ ላይ እግር የት እንደሚያርፍ በቃል ብቻ አይያዝም። ስለዚህ ጀማሪው አንድ ወቅት ሙሉ ቀፎ ከሚሰቅሉ አባት ጋር ደን ይግባ፣ በቡናው ሰዓትም ሳያቋርጥ ያዳምጥ። ጥያቄውን ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያቀርብ ይሻላል፤ ዛፍ ላይ ያለ ሰው ሐሳቡ መከፋፈል የለበትም።

ሥልጠናው የሚበልጥበትም አለ፦ በማር ንጽሕና፣ በዘመናዊ ቀፎና በእሳት ጥንቃቄ። የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኗል፤ ለጭስ የተለኮሰ ችቦ ሳይጠፋ መጣሉ በዚህ ደን ውስጥ ከባድ ጥፋት ነው።