የዊንዶውስ ፈንክሽንን የሚያቀርበውን የላይብረሪ ሞጁል ለይቶ ማወቅ፦ ከአማርኛ ጽሑፍ አንጻር

መግቢያ

በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም መስኮት ለመክፈትም ሆነ ፋይል ለማንበብ የስርዓተ ክወናውን ፈንክሽኖች ይጠራል። ፈንክሽኖቹ «ዲኤልኤል» በሚባሉ የላይብረሪ ሞጁሎች ተከፋፍለው ይገኛሉ። በጥቅሉ ሲታይ የመስኮትና የቅጽ ተግባራት በ«ዩዘር32»፣ የፋይልና የማኅደረ ትውስታ ተግባራት በ«ከርነል32»፣ የሥዕል ተግባራት ደግሞ በ«ጂዲአይ32» ይሰጣሉ። ይህ ጽሑፍ አንድ ፈንክሽን ከየትኛው ሞጁል እንደሚገኝ የሚታወቅበትን መንገድ ካሳየ በኋላ፣ ፍለጋው የሞጁሉን ስም በማግኘት ብቻ ሊቆም እንደማይገባ ያስረዳል። የፈንክሽኑ ሙሉ ስም ካልተረጋገጠ በአማርኛ የተመዘገበ መረጃ ሊጠፋ ይችላልና።

የፍለጋው ደረጃዎች

የመጀመሪያው ደረጃ የማይክሮሶፍትን ይፋዊ ሰነድ መመልከት ነው። በእያንዳንዱ ፈንክሽን መግለጫ ግርጌ ያለው ሠንጠረዥ ሞጁሉንና ፈንክሽኑ የተጀመረበትን የዊንዶውስ ትውልድ ያመለክታል። ትውልዱን ማየት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ «ጌትቲክካውንት64» የ«ከርነል32» ፈንክሽን ቢሆንም ከዊንዶውስ ቪስታ በፊት በነበረው ኤክስፒ አይገኝም።

ሁለተኛው ደረጃ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሞጁል ራሱን መመርመር ነው። ማንኛውም ሞጁል ለሌሎች የሚያቀርባቸውን ፈንክሽኖች በኤክስፖርት ሠንጠረዡ ይዘረዝራል። ከቪዥዋል ስቱዲዮ ጋር የሚመጣው «ደምፕቢን» የተባለው መሣሪያ ይህን ዝርዝር ያወጣል። አንዳንዱ ስም ግን መተላለፊያ ብቻ ነው፤ «ሂፕአሎክ» በ«ከርነል32» ተዘርዝሮ ሳለ ጥሪው ወደ «ኤንቲዲኤልኤል» ይመራል። እንዲህም ሆኖ ፕሮግራሙ መጥራት የሚገባው በሰነዱ የተመለከተውን ሞጁል ነው፤ የውስጥ አደረጃጀቱ በየትውልዱ ሊለወጥ ይችላልና።

ሦስተኛው ደረጃ የፕሮግራሙን የኢምፖርት ሠንጠረዥ ማየት ነው። ፕሮግራሙ የትኛውን ፈንክሽን ከየትኛው ሞጁል እንደሚጠብቅ የሚታወቀው ከዚህ ነው። ሆኖም ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ በ«ጌትፕሮክአድሬስ» የሚፈልጋቸው ፈንክሽኖች በዚህ ሠንጠረዥ ላይታዩ ይችላሉ።

የአማርኛው ጉዳይ

የነዋሪዎችን አድራሻ የሚመዘግብ አንድ ፕሮግራም በምሳሌነት ይወሰድ። ጸሐፊዋ በቅጹ ላይ «ኮልፌ ቀራኒዮ» ብላ ትጽፋለች፤ ጽሑፉም በመስኮቱ ላይ በትክክል ይታያል። በተቀመጠው መዝገብ ውስጥ ግን የሚገኘው «??? ????» ነው። ፕሮግራሙ ጽሑፉን ከቅጹ የሚያነብበት ፈንክሽን «ጌትዊንዶውቴክስት» ሲሆን፣ ሰነዱ «ዩዘር32» ውስጥ እንደሚገኝ ይናገራል። የኤክስፖርት ሠንጠረዡ ሲመረመር ግን በዚህ ስም ብቻ የሚጠራ ፈንክሽን የለም፤ ያሉት በ«ኤ» እና በ«ደብልዩ» ፊደል የሚያበቁ ሁለት ፈንክሽኖች ናቸው። ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ፕሮግራሙ ሲጠናቀር የተሰጠው የዩኒኮድ ትእዛዝ መኖር ወይም አለመኖር ነው።

የ«ደብልዩ»ው ፈንክሽን ጽሑፉን በዩኒኮድ ይመልሳል። የ«ኤ»ው ደግሞ ኮምፒውተሩ ወደሚጠቀምበት የቀድሞ የፊደል ገጽ ይለውጠዋል። የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ገጽ የሆነው 1252 ከ256 የማይበልጥ ቦታ አለው፤ የግዕዝ ፊደል በዚያ አይገኝም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቦታ ሲያገኝ፣ ዊንዶውስ ለእርሱ የተለየ የቀድሞ ገጽ አልነበረውም። በመሆኑም ገጹ የማያውቀው እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል።

ጉዳቱ የማይመለስ ነው። ኮልፌ፣ ልደታ፣ ጉለሌና አራዳ እያንዳንዳቸው ሦስት ፊደል ስላላቸው አራቱም «???» ሆነው ይቀመጣሉ። መዝገቡን በኋላ የሚያነብ ሰው አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም፤ የፊደል ቅርጽ ወይም ፎንት መለወጥም አይረዳውም። በእይታ ላይ የሚፈጠር ችግር ቢሆን ፎንት በመጫን ይስተካከል ነበር፤ እዚህ ግን የጠፋው ራሱ ጽሑፉ ነው።

መፍትሔ

የኢምፖርት ሠንጠረዡ በ«ኤ» የሚያበቃ የጽሑፍ ፈንክሽን ካሳየ ፕሮግራሙ በዩኒኮድ ትእዛዝ እንደገና ሊጠናቀር፣ ጽሑፉን የሚይዙት ተለዋዋጮችም አብረው ሊስተካከሉ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም 1903 ወዲህ ሌላ አማራጭም አለ፤ ፕሮግራሙ በማኒፌስት ፋይሉ ዩቲኤፍ-8ን ቢመርጥ የ«ኤ» ፈንክሽኖችም አማርኛን ይቀበላሉ። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ «ኮልፌ ቀራኒዮ» ከነክፍት ቦታው 22 ባይት ይይዛል። ለ8 ምልክቶች 8 ባይት ብቻ ያዘጋጀ ፕሮግራም ስሙን ይቆርጠዋል።

ማጠቃለያ

ሞጁሉን ማግኘት «ፈንክሽኑ የት አለ?» ለሚለው ጥያቄ ብቻ መልስ ይሰጣል። «በትክክል የተጠራው የትኛው ነው?» የሚለው የሚመለሰው የሰነዱ፣ የኤክስፖርቱና የኢምፖርቱ ዝርዝሮች ሲነጻጸሩ ነው። ለአማርኛ የሚዘጋጅ ማንኛውም የመዝገብ ፕሮግራም ወደ አገልግሎት ከመግባቱ በፊት አንድ የአማርኛ ስም ቢመዘገብበትና ከመዝገቡ ተመልሶ ቢነበብ፣ ጉድለቱ የሰዎች መረጃ ከመጥፋቱ በፊት ይገለጣል።