የሕዝብ ግንኙነት ሙያና የውጫሌ ትምህርት

ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ ለመያዝ ስንዘጋጅ ከምናስባቸው ሙያዎች አንዱ የሕዝብ ግንኙነት ነው። ስለዚህ ሙያ በመካከላችን ሁለት ዓይነት አስተሳሰብ ይሰማል። አንዳንዶቻችን ክራባት አስሮ እንግዳ መቀበል ብቻ ይመስለናል፤ ሌሎቻችን ደግሞ ደመወዝ እየተቀበለ የአለቃውን ጥፋት የሚሸፍን ሰው ሥራ ነው ብለን እንንቀዋለን። ሁለቱም ከሩቅ ሆኖ የተሰጠ ፍርድ ስለ ሆነ፣ ሥራውን በቦታው ለመመልከት በሐይቅና በአምባሰል ያሉ መሥሪያ ቤቶችን ጎበኘን።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይገኛል፤ ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ በአምባሰል ወረዳ ውጫሌ ይደረሳል። በዚህ መንገድ ያገኘናቸው ሠራተኞች ማስታወቂያ ይጽፋሉ፣ ስብሰባ ይጠራሉ፣ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፣ ለሬዲዮ ዜና ይልካሉ፣ ለበላይ አካል ሪፖርት ያዘጋጃሉ። የተቆጣ ባለጉዳይም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እነርሱ ነው። ሥራው ክራባት ከማሰር እጅግ የሰፋ መሆኑን ተረዳን።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አሳሰበን። ስሙን በማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ውኃ የሚቋረጥበትን ቀን የሚገልጸው ማስታወቂያ የተለጠፈው ባለጉዳይ በማያልፍበት የውስጥ ኮሪደር ነበር። ለበላይ አካል በተላከው ሪፖርት ላይ ግን «ለሕዝቡ ተገልጿል» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው ማስታወቂያውን ስለ ለጠፈ አልዋሸም ይባል ይሆናል፤ ጀሪካኗን ይዛ ቦኖ የወረደችው እናት ግን የሰማችው ነገር አልነበረም።

ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ ለሁለት ወገን ሁለት ቃል መናገር የሚያስከትለውን ለማወቅ ከአምባሰል መውጣት አያስፈልገውም። ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተዋዋሉት በውጫሌ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር፤ በኢጣልያንኛው ግን ይህንኑ ለማድረግ ተስማምተዋል ተብሎ እንደ ግዴታ ተጻፈ። ኢጣልያም በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደ ሆነች አድርጋ ለኤሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በጦርነት ተቆረጠ። ውሉ የተሻረውም በ1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ስምምነት ነው። በአንድ ግሥ ልዩነት ስንት ሕይወት እንደ ጠፋ እናስብ።

ሐይቅ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ይሰጠናል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ባቋቋሙት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔቱ «ዐቃቤ ሰዓት» ይባሉ ነበር፤ ማዕርጉም በቤተ መንግሥት ትልቅ ክብር ነበረው። ትርጉሙ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ይህ ስም ለሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛም ይስማማዋል፤ እውነተኛው ቃል በሰዓቱ ካልተነገረ ወሬ ይቀድመዋልና። ወሬ ከቀደመ በኋላ የሚወጣ መግለጫ ደግሞ ማስተባበያ ከመሆን አያልፍም።

ሙያው በአሜሪካ ሲጀመርም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። አይቪ ሊ የተባለው ሰው በ1906 እ.ኤ.አ. ለጋዜጠኞች በላከው መግለጫ፣ ሥራው በግልጽ የሚሠራ መሆኑንና የሚሰጠውም ነገር ትክክለኛ እንደሚሆን አስታውቋል። ሙያው ክብር የሚያገኘው ይህ ቃል ሲጠበቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ሙያ ለመምረጥ መሥሪያ ቤት የምትጎበኙ ሁሉ ስለ ደመወዙ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሠራተኛው ውሳኔ ሲሰጥ አብሮ ይቀመጣል ወይስ ካለቀ በኋላ ጻፍ ይባላል? ሁለተኛ፣ የሕዝቡን ቅሬታ ወደ ላይ ያደርሳል ወይስ የላይኛውን ቃል ወደ ታች ብቻ ያወርዳል? ሦስተኛ፣ ወደ ላይ የሚላከው ሪፖርትና ለሕዝብ የሚነገረው ጎን ለጎን ቢነበቡ አንድ ናቸውን? የሦስቱም መልስ መልካም ከሆነ ሥራው ለተማረ ሰው የሚገባ ነው። መልሱ ክፉ ከሆነ ግን የምንቀጠረው ለእውቀታችን ሳይሆን ለፊርማችን መሆኑን እንወቅ።

ልምምዱንም እስክንመረቅ ድረስ ማቆየት አያስፈልግም። የተማሪዎች ማኅበራችን ለአስተዳደሩ የሚጽፈውና በማስታወቂያ ሰሌዳ ለእኛ የሚለጥፈው አንድ ቃል መሆኑን ከዛሬ ጀምረን እንከታተል።