ስኳሩ ከመጨመሩ በፊት

ጋሽ መኮንን የሕክምና ተማሪዎችን ለረጅም ዘመን ፊዚዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ብሩክ የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። የላቦራቶሪ ውጤቱን ይዞ ሊጠይቃቸው መጥቷል።

ብሩክ፦ ጋሼ፣ ሐኪሙ «ስኳር በሽታ የለብህም» አለኝ። ወዲያው ደግሞ «ኢንሱሊን ሬዚስታንስ አለብህ፣ ክብደት ቀንስ» ብሎ አሰናበተኝ። ስኳር ከሌለብኝ ታዲያ ምኔ ነው የታመመው?

ጋሽ መኮንን፦ እስቲ ወረቀቱን ወዲህ በለው። በባዶ ሆድ የተለካው 112 ነው። ከ100 በታች ቢሆን ደህና ነህ እንልህ ነበር፤ 126 ደርሶ በድጋሚ ምርመራም ከጸና ስኳር በሽታ ይባላል። አንተ መሐሉ ላይ ነህ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብህ ከፍ ብሏል፤ ጥሩው ኮሌስትሮል ደግሞ ወርዷል። እስቲ ዞር በልልኝ። ይኼ አንገትህ ላይ ያለው ጥቁረት መቼ ጀመረህ?

ብሩክ፦ ቆየ እኮ! እድፍ መስሎን ባለቤቴ ስታሸው፣ ስትፈትገው አልለቅ አለ።

ጋሽ መኮንን፦ ፈትጋችሁ ቆዳውን አታቁስሉት፤ እድፍ አይደለም። ደም ውስጥ ኢንሱሊን ሲበዛ የቆዳ ሕዋሳት ከልክ በላይ እንዲባዙ ያደርጋል። አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ቆዳው ይወፍርና ይጠቁራል። ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ከውጤትህና ከቦርጭህ ጋር ሳየው ግን የአንተው ከኢንሱሊን መብዛት የመጣ ይመስለኛል።

ብሩክ፦ በዛ አሉኝ? እኔ የማውቀው የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን አንሶት መርፌ ሲወጋ ነው።

ጋሽ መኮንን፦ ሐኪሞቹም ድሮ እንደዚያው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ሃሮልድ ሂምስወርዝ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ለሕመምተኞቹ ስኳርና ኢንሱሊን አንድ ላይ እየሰጠ ደማቸውን ለካ። የአንዳንዶቹ ስኳር ወዲያው ተገታ፤ የሌሎቹ ግን ኢንሱሊኑ እንዳልተሰጣቸው ሆኖ ወደ ላይ ወጣ። ያኔ ደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን የሚለካ ዘዴ ስላልነበረ ነገሩ ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቀረ። በ1960 ገደማ ሮዛሊን ያሎውና ሰሎሞን በርሰን መለኪያውን ሠሩ። በጉልምስና ዕድሜ ስኳር የያዛቸው ብዙ ሰዎች ደማቸው ሲታይ ኢንሱሊናቸው ከጤነኛው ሰው እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ያሎው በ1977 የኖቤል ሽልማት የወሰደችው በዚሁ የመለኪያ ሥራ ነው፤ በርሰን በሕይወት ቢኖር ኖሮ አብሮ በተሸለመ።

ብሩክ፦ እና የእኔ ቆሽት ደህና ነው ማለት ነው?

ጋሽ መኮንን፦ ለጊዜው ደህና ነው፤ ግን ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው። ጡንቻህና ጉበትህ ለኢንሱሊን እንደ ቀድሞው ስለማይታዘዙ፣ ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ማለትም ይኸው ነው፣ ቆሽትህ እጥፉን እያመረተ ስኳሩን ይዞልሃል። ይህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሲደክመው ነው 112 የነበረው 130፣ 180 የሚሆነው። የሚያሳስበኝ ሰው ሁሉ ያን ቀን ብቻ መጠበቁ ነው፤ ጉዳቱ ግን አሁንም እየደረሰ ነው።

ብሩክ፦ የት ላይ?

ጋሽ መኮንን፦ ከጡንቻህ ልጀምርልህ። ጡንቻ ከሰውነታችን ክብደት 40 በመቶ ያህሉን ይይዛል። አንድን ሰው አስተኝተህ ኢንሱሊን በደም ሥሩ ብታስገባለት፣ ስኳሩ እንዳይወርድበትም ግሉኮስ እየጨመርክ ብትለካ፣ ከግሉኮሱ 80 በመቶ ገደማውን የሚወስደው ጡንቻ ነው። የሚወስድበት መንገድ እንዲህ ነው፦ ግሉት-4 የሚባል ስኳር አስገቢ ፕሮቲን አለ። ጡንቻው ሲያርፍ በሕዋሱ ውስጥ ተከማችቶ ይቀመጣል። ኢንሱሊን ከሕዋሱ ደጅ ደርሶ መልእክቱን ሲያስተላልፍ ወደ ላይ ወጥቶ ሽፋኑ ላይ ይሰለፋል፤ ስኳሩም በእሱ በኩል ይገባል። የገባው ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ግላይኮጅን ሆኖ ለነገ ይቀመጣል።

ብሩክ፦ የእኔስ ምን ሆኖ ነው ያልታዘዘው?

ጋሽ መኮንን፦ ስብ ገብቶበት። ሰው ከሚያጠፋው በላይ ሲበላ ትርፉ መጀመሪያ የሚሄደው ከቆዳ ሥር ወዳለው የስብ ማከማቻ ነው። ያ ሲሞላ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ይከማቻል፤ ከዚያም ቦታው ወዳልሆነው ወደ ጉበትና ወደ ጡንቻ ይገባል። ጡንቻው ውስጥ ገብቶ ሳይቃጠል የተቀመጠው ስብ የሚፈጥራቸው ቅመሞች የኢንሱሊንን መልእክት መንገድ ላይ ያሰናክሉታል። ግሉት-4 አይወጣም፤ ግላይኮጅንም አይሠራም። ጡንቻ ያልተቀበለው ስኳር ደግሞ ወደ ጉበት ይዞርና ስብ ሆኖ ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። ትራይግሊሰራይድህ ለምን ከፍ እንዳለ አሁን ገባህ?

ብሩክ፦ ገባኝ። እንግዲህ ስብ ጡንቻ ውስጥ መግባቱ ነው ጥፋቱ።

ጋሽ መኮንን፦ እዚያ ላይ ቆም በል። የረጅም ርቀት ሯጮች ጡንቻም ውስጥ ብዙ ስብ ይገኛል፤ እንዲያውም ካንተ ጡንቻ ያላነሰ። እነሱ ግን ለኢንሱሊን በጣም ታዛዦች ናቸው። ተመራማሪዎቹን ሲያስገርም የኖረ ነገር ነው ይህ። ሯጩ ጠዋት ያንኑ ስብ አቃጥሎ ሲበላ መልሶ ይተካዋል፤ አይተኛበትም። ያንተ ግን አንዴ ከገባ ወጪ የለውም። ከጠዋት እስከ ማታ መሪ ይዘህ ተቀምጠህ ማን ያወጣዋል?

ብሩክ፦ እውነት ነው፤ ከመኪና የምወርደው ምሳ ልበላ ብቻ ነው። ሐኪሙ ግን ስለ ጡንቻ ትንፍሽ አላለም። ልብህን፣ ደም ሥርህን ጠብቅ ነው ያለኝ።

ጋሽ መኮንን፦ ሁለቱ አይነጣጠሉማ! የደም ሥር ከውስጥ በኩል በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። ድሮ እንደ ልባስ ብቻ ይቆጠር ነበር። በ1980 ሮበርት ፈርችጎት የጥንቸል ደም ሥር ቆርጦ ሲፈትን፣ ያ ሽፋን ሳይነካ ሲቀር ደም ሥሩ አሴቲልኮሊን ለተባለው ቅመም ይላላል፤ ሽፋኑ ተፍቆ ሲነሣ ግን ያው ቅመም አላላላ አለው። ከሽፋኑ የሚወጣ አንድ ነገር ደም ሥሩን ያዝናናል ማለት ነው። ያ ነገር ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ ፈርችጎትና ሁለት ሌሎች ተመራማሪዎችም በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ብሩክ፦ ከኢንሱሊን ጋር ምን አገናኘው?

ጋሽ መኮንን፦ ኢንሱሊን ያን ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ አምርት ብሎ ያዘዋል። ከምግብ በኋላ ትንንሾቹ ደም ሥሮች ይላላሉ፤ ተዘግተው የነበሩት በጣም ቀጫጭኖቹም ደም ይገባባቸዋል። አንተ የገበሬ ልጅ ነህ፤ መስኖ ታውቃለህ። ዋናው ቦይ ጢም ብሎ ቢሞላ፣ ወደየማሳው የሚገቡት ትንንሽ መተላለፊያዎች ካልተከፈቱ ሰብሉ ይደርቃል። ኢንሱሊን ጡንቻ ጋ ለመድረስ ራሱ መንገዱን ከፍቶ ነው የሚያልፈው።

ብሩክ፦ እና የእኔ አይከፈትም?

ጋሽ መኮንን፦ እንደሚገባው አይከፈትም። ወፍራም ሰዎችን ከቀጫጭኖች ጋር አስተያይተው ኢንሱሊን እየሰጡ ወደ እግራቸው የሚሄደውን ደም ሲለኩ፣ የወፍራሞቹ ጭማሪ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ኢንሱሊን የደም ሥሩን ሽፋን በሁለት መንገድ ያዘዋል። አንደኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያወጣውና የሚያላላው ነው። ሁለተኛው ኢንዶተሊን የሚባል አጥባቂ ቅመም የሚያስወጣው ነው። በጤነኛ ሰው ሁለቱ ይመዛዘናሉ። ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ሲመጣ የሚደነቁረው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ጆሮው ደህና ነው። ቆሽትህ ለጡንቻው ብሎ ኢንሱሊን ባበዛ ቁጥር ደም ሥርህ የበለጠ ይጠባል። ደሙ በደንብ ያልደረሰው ጡንቻ ደግሞ ኢንሱሊኑም ስኳሩም ያንሰዋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወርዳል።

ብሩክ፦ ደም ግፊት የሚባለው ከዚህ ነው?

ጋሽ መኮንን፦ አንዱ ምክንያት ነው። በዛ ያለ ኢንሱሊን ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያደርጋል፤ እሱም ይጨመርበታል። ሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለው ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንዳይመስልህ፤ የስብ አሲድና ሰውነትን የሚያስቆጣ ቅመም ወደ ደም ይለቃል፤ የደም ሥሩን ሽፋን የሚጠብቀው አዲፖኔክቲን የተባለው ሆርሞን ደግሞ ይቀንሳል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ያጣ ሽፋን ኮሌስትሮል ይሰርግበታል፤ የደም ሴሎች ይጣበቁበታል። በልብ ላይ ሲሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በአንጎል ላይ ሲሆን ስትሮክ የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳታፍር። ለወንድ የመጀመሪያው ምልክት መኝታ ቤት ሊታይ ይችላል፤ የብልት መቆምም በናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራ ነገር ነውና። እንዲህ ያለ ችግር ሲመጣ መድኃኒት በድብቅ ከመግዛት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ልብን ማስመርመር ነው የሚሻለው።

ብሩክ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ቦርጭ ሳወጣ ሰው ሁሉ «ተመችቶሃል» ነው የሚለኝ። ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሽ መኮንን፦ ይህ ቃል ስንቱን እንዳዘናጋ እኔ ነኝ የማውቀው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሆዱ ሲገፋ እንኳን ደስ አለህ የምንለው ምን ነክቶን ነው? ሜትር አምጥተህ ተለካ። በቀበቶህ ላይ አይደለም፤ ሱሪ ሁልጊዜ ከሆድ በታች ነው የሚታሰረው። ከመጨረሻው የጎን አጥንትህና ከዳሌ አጥንትህ አናት መካከል፣ በባዶ ገላ፣ ትንፋሽህን አውጥተህ፣ ሆድህን ሳትስብ ለካ። ለእኛ ሰው ተብሎ የወጣ የተለየ መለኪያ ስለሌለ በአውሮፓውያኑ ነው የምንገመግመው፦ ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፉ አደጋ ይጀምራል። ቀጭን የሆነም አይኩራራ። ቤተ እስራኤላውያን በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሲሄዱ ቀጫጭን ነበሩ፤ ስኳርም እምብዛም አልነበረባቸውም። የምግቡና የኑሮው ለውጥ ዓመታት ሲቆጠር በሽታውን አበዛባቸው፤ ብዙም ሳይወፍሩ የያዛቸው አሉ።

ብሩክ፦ እኔ ግን ጿሚ ነኝ፤ ሥጋ አላበዛም።

ጋሽ መኮንን፦ ጾምህ መልካም ነው፤ ግን በዘይት የተነከረ ብስኩትና ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይም የጾም ነው። 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። እሱን ተው፤ ሽሮውንና ምስሩን አትተው።

ብሩክ፦ እንግዲህ መኪናዬን ልሽጥ ነው?

ጋሽ መኮንን፦ እንጀራህን ማን ሽጥ አለህ! ልነግርህ የምፈልገው ዋናው ነገር ገና ነው። ጡንቻ ሲኮማተር ግሉት-4 ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ ይወጣል። ሌላ መንገድ አለው። ደንቁሯል ያልነው የአንተ ጡንቻም ብትራመድ ዛሬውኑ ስኳር ይቀበላል። ደሙ በፍጥነት ሲያልፍበት የደም ሥሩም ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ ያወጣል። ተቃራኒውም ተሞክሯል፤ ጤነኛ ሰዎች 5 ቀን አልጋ ላይ ተኝተው እንዲቆዩ ተደርጎ ሲለኩ፣ ኢንሱሊናቸው እየበዛ የትንንሽ ደም ሥሮቻቸውም ሥራ ተዳክሞ ተገኘ። በ5 ቀን! መቀመጥ ብቻውን ይህን ያህል ይሠራል።

ብሩክ፦ ኪኒን ቢሰጠኝስ?

ጋሽ መኮንን፦ ሐኪምህ ሜትፎርሚን ካዘዘልህ ውሰድ፤ በራስህ አታቋርጥ። ግን አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ እንዳንተ መሐል ላይ ያሉ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በ2002 ወጥቷል። ሜትፎርሚን ወደ ስኳር በሽታ መሻገርን በ31 በመቶ ቀነሰ። በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስና ከክብደት 7 በመቶ ለመቀነስ መጣር ደግሞ በ58 በመቶ። አንተ 90 ኪሎ ከሆንክ 6 ኪሎ ከምናምን ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ሁን አላልኩህም።

ብሩክ፦ ከየት ልጀምር?

ጋሽ መኮንን፦ ምሳ በልተህ ወዲያው ወንበሩ ላይ አትውጣ፤ ሩብ ሰዓት ተራመድ፤ ከምግብ በኋላ የሚጨምረው ስኳር ያኔ ነው የሚገታው። ተራ ስትጠብቅ መኪናው ውስጥ ስልክ ከምትጎረጉር ውረድና ቁጭ ብድግ ሥራ፤ የታፋ ጡንቻ ከትልልቆቹ ነው። ደረትህን የሚያፍንህ ወይም የሚወጋህ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። ደም ግፊትህን አስለካ። ስኳርህን በየዓመቱ አስመርምር፤ ወንድሞችህንም ይዘሃቸው ሂድ፣ በዘር የሚሄድ ነገር አለው።

ብሩክ፦ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ብሠራስ? በሥራ ቀን ፋታ የለኝም።

ጋሽ መኮንን፦ ከምንም ይሻላል፤ ግን አይበቃህም። አንዴ የሠራኸው እንቅስቃሴ ጡንቻህን ለኢንሱሊን የሚያስታዝዘው ለአንድ ቀን፣ ቢበዛ ለሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን አከታትለህ አትቅር።